ለ50 ሰከንድ 50 ሰዓት፦ የአኒሜ ቪዲዮ ቅንብር ጊዜን የሚበላው የቱ ጋ ነው?

የደረሰን ጥያቄ ባጭሩ እንዲህ ይላል፦ «የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። የ12 ክፍል አኒሜ (የጃፓን ካርቱን) ወስጄ በ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ዘፈን ላይ ኤኤምቪ፣ ማለትም የአኒሜ ትዕይንቶች በዘፈን ላይ የሚቀመሩበት ቪዲዮ፣ እየሠራሁ ነው። አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ በሳምንት አምስት ማታ፣ በየማታው ሁለት ሰዓት ያህል እቀመጣለሁ። እስካሁን ያለቀልኝ 50 ሰከንድ ብቻ ነው። ከዚያ ውስጥ 12 ሰከንዱ ገጸ ባሕርይዋ ዘፈኑን የምትዘፍን እንዲመስል አፏን ያገጣጠምኩበት ነው። ኢንተርኔት ላይ ግን ‹በአንድ ማታ የሠራሁት› የሚሉ ብዙ አያለሁ። ላፕቶፔ 8 ጂቢ ራም አለው፤ ቪዲዮውን ትንሽ ወደኋላ ስመልስ ቀጥ ይላል። ፕሮጀክቱን የከፈትኩት በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) ነው፤ የማዳምጠው በብሉቱዝ ነው። ችግሩ ላፕቶፑ ነው ወይስ ሶፍትዌር ልቀይር? ለመሆኑ እንዲህ ያለ ቪዲዮ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

አምስት ሳምንት፣ በሳምንት አምስት ማታ፣ በየማታው ሁለት ሰዓት፤ ድምሩ 50 ሰዓት ነው። ያለቀው ደግሞ 50 ሰከንድ። ለእያንዳንዱ ሰከንድ አንድ ሰዓት ከፍለሃል። አፍ ላገጣጠምክበት 12 ሰከንድ ይህ ዋጋ የሚጠበቅ ነው፤ ለቀሪው 38 ሰከንድ ግን በጣም ውድ ነው። ላፕቶፑን መጠርጠር ያለብህ በመጨረሻ ነው። ሶፍትዌር መቀየርም አዲሱን እስክትለምድ ድረስ ሌላ ሁለት ሳምንት ይወስድብሃል እንጂ አያፈጥንህም። ጊዜህ የሚያልቀው መቁረጡ ላይ ሳይሆን መፈለጉ ላይ ነው። በዚያ ላይ ሥራውን ስትጀምር ሦስት ነገሮች ተሳስተዋል፦ የፋይሉ ዓይነት፣ የፍሬሙ ቁጥርና ማዳመጫው። ሦስቱም የሠራኸውን መልሰህ እንድትሠራ የሚያደርጉ ናቸው።

«በአንድ ማታ ሠራሁት» የሚሉት ላይዋሹ ይችላሉ፤ ግን የሚያወሩት ስለ ሌላ ሥራ ነው። ለቲክቶክ የሚሠሩ አጫጭር ቅንብሮች አብዛኛውን ጊዜ ከ10 እስከ 20 ሰከንድ ቢሆኑ ነው፤ የሚሠሩትም ከተዘጋጀ የትዕይንት ጥቅል ነው። ጥቅሉን ያዘጋጀው ሌላ ሰው ነው። ተከታታዩን አይቶ፣ የአንዱን ገጸ ባሕርይ ምርጥ ሾቶች (በሁለት ቁርጥ መካከል ያሉ ምስሎችን) ለቅሞ፣ የግርጌ ጽሑፍ የሌለበትን ቅጂ ፈልጎ፣ አንዳንዴም እንቅስቃሴውን ትዊክስተር በተባለ ማዝገሚያ አዝግሞ ያስቀመጠው እሱ ነው። ሰዓቱ ወጥቷል፤ የወጣው ግን ከሌላ ሰው ኪስ ነው። አንድ ሙሉ ዘፈን ይዞ፣ ከአንድ ሙሉ ተከታታይ ላይ ስሜት ተከትሎ የሚሠራ ኤኤምቪ ከዚህ ጋር አይወዳደርም። እ.ኤ.አ. በ1982 አሜሪካዊው ጂም ካፖስታስ ሁለት የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻዎችን አገናኝቶ፣ ብዙዎች የመጀመሪያው ኤኤምቪ የሚሉትን ሲሠራ፣ የሚፈልገውን ትዕይንት ለማግኘት ካሴት ማጠንጠን ግድ ነበር። ዛሬ ማጠንጠኑ ቀረ እንጂ ፍለጋው አልቀረም።

የፍለጋውን ስፋት በቁጥር ላሳይህ። በጃፓን ቴሌቪዥን አንድ የአኒሜ ክፍል ወደ 24 ደቂቃ ይረዝማል፤ መክፈቻውና መዝጊያው አንድ አንድ ደቂቃ ተኩል ይወስዳሉ፤ የቀረው 21 ደቂቃ ነው። በዚያ ውስጥ ወደ 300 የሚጠጉ ሾቶች አሉ። አሥራ ሁለት ክፍል ማለት እንግዲህ 3600 ሾት ማለት ነው። የአንተ ዘፈን 220 ሰከንድ ነው፤ አንዱን ሾት በአማካይ ሁለት ሰከንድ ብታቆየው 110 ሾት ያስፈልግሃል። ከ3600 ውስጥ 110 መምረጥ፣ የተመረጡትንም እርስ በርስ እንዲነጋገሩ አድርጎ መደርደር፣ ሥራው ይህ ነው። እያንዳንዱን ሾት ከታይምላይኑ (ሾቶቹ በቅደም ተከተል ከሚደረደሩበት መስመር) ላይ እየተነሳህ «እዚህ ጋ የምትሮጥበት ነገር ነበረ፣ ክፍል 7 ነው 8?» እያልክ የምትፈልግ ከሆነ፣ ለአንዱ ሾት ሩብ ሰዓት ቢሄድ አይገርምም። 110 በ15 ደቂቃ 27 ሰዓት ተኩል ነው። አስቀድሞ የተለቀመና ስም የወጣለት ስብስብ ካለህ ግን አንዱን ሾት ማግኘት፣ ማስቀመጥና ጫፉን ማስተካከል አምስት ደቂቃ ያህል ይወስዳል፤ 110 በ5 ደግሞ 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው። የ18 ሰዓት ልዩነት የመጣው ከላፕቶፕም ከሶፍትዌርም አይደለም።

ስለዚህ ታይምላይን ሳትከፍት 12ቱንም ክፍሎች ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ዘፈኑን ጭንቅላትህ ውስጥ ይዘህ እይ። ጠቅላላ ርዝመቱ 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ነው፤ እያቆሙ መጻፍ ሲጨመርበት ስምንት ዘጠኝ ሰዓት ይሆናል። ይህን ብዙ ጀማሪ እንደ ብክነት ያየዋል፤ ከጠቅላላው ሥራ የበለጠ ዋጋ ያለው ክፍል እሱ ነው። ከእያንዳንዱ ክፍል ከ25 እስከ 40 ሾት ምረጥ፤ በድምሩ 300 እና 480 መካከል ይሆናል፤ ከሦስት አራት አንዱ ሥራ ላይ ይውላል። ፎልደሮቹን በክፍል ቁጥር አትከፋፍል። ስትቀምር የምትፈልገው «ክፍል 5»ን ሳይሆን «ወደ ቀኝ የሚሮጥ»፣ «ወደ ላይ የሚያይ ፊት»፣ «እጅ»፣ «ሰማይ»፣ «የሚወድቅ ነገር»ን ነው። በፋይሉ ስም ላይ ሦስት ነገር ይግባ፦ ምን እንዳለ፣ እንቅስቃሴው ወደየት እንደሚሄድ፣ አፍ ይንቀሳቀስ እንደሆነ። አቅጣጫው የሚጠቅመው አንዱ ሾት ወደ ቀኝ ሮጦ ሲያልቅ ቀጣዩም ወደ ቀኝ ከቀጠለ ዓይን ሳይሰናከል ስለሚሻገር ነው፤ ሆን ብለህ ማጋጨት ስትፈልግ ደግሞ ተቃራኒውን ትመርጣለህ።

የአፉ ነገር በጣም ይናቃል፤ ግን ኤኤምቪን ከሚያበላሹት ነገሮች ዋነኛው ነው። ዘፈኑ ውስጥ ማንም በማይዘፍንበት ቦታ ገጸ ባሕርይው አፉን ሲያንቀሳቅስ ተመልካቹ ወዲያው «ምን እያለ ነው?» ይላል፤ ከስሜቱም ይወጣል። መፍትሔው አብዛኛውን ጊዜ ቀላል ነው። በብዙ የንግግር ሾቶች ላይ ከአፍ በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለም፤ ሥዕሉ ቆሞ የተሣለ ነው። አፉ የተዘጋበትን አንዷን ፍሬም ፈልግና ሾቱ እስኪያልቅ ድረስ እሷን አቁማት፤ ማንም አያውቅብህም። ፀጉር ወይም ደመና የሚንቀሳቀስ ከሆነ ግን ሙሉውን ፍሬም ማቆም ያስነቃል። ያን ጊዜ የተዘጋውን አፍ ብቻ በትንሽ ማስክ (የምስሉን አንድ ክፍል ብቻ በሚያስቀር ቅርጽ) ቆርጠህ ከላይ ባለው ትራክ ላይ ታስቀምጠዋለህ፤ የማስኩ ጠርዝ ከአገጭ መስመር ውጭ፣ አንድ ዓይነት ቀለም ባለው ቆዳ ላይ እንዲያርፍ አድርግ። የጠርዙን ማለስለሻ ከሁለት ፒክስል አታሳልፈው። ከዚያ በላይ ከሆነ ከሥር ያለው የተከፈተ አፍ መስመር እንደ ጥላ ያሳልፋል።

አሁን ወደ ላፕቶፑ እንምጣ። ወደኋላ ስትመልስ ቀጥ የሚለው ፋይሉ ለማየት እንጂ ለመቁረጥ ስላልተሠራ ነው። የያዝካቸው የኤምኬቪ ፋይሎች በኤች.264 ወይም በኤች.265 የተጨመቁ ናቸው። በእነዚህ ውስጥ ሙሉ ሥዕል የያዘው ኪፍሬም ብቻ ነው፤ መካከል ላይ ያሉት የሚይዙት ከአጠገባቸው ካሉት ፍሬሞች የተለወጠውን ነው። አኒሜ በሚጨመቅበት ጊዜ በሁለት ኪፍሬሞች መካከል እስከ 250 ፍሬም፣ ማለትም ከ10 ሰከንድ በላይ፣ ሊቀመጥ ይችላል። አንድ ፍሬም ወደኋላ ስትል ማሽኑ እስከ ቀዳሚው ኪፍሬም ተመልሶ ሁሉንም እንደገና መፍታት አለበት። ሳይጨምቁ በፍጥነት የሚቆርጡ ነፃ ሶፍትዌሮች አንዳንዴ ካሰብከው ቦታ ብዙ ቀድመው የሚጀምሩትም ለዚህ ነው፤ ከኪፍሬም ውጭ መጀመር አይችሉም። በ10 ቢት የተጨመቁ ፋይሎች ከሆኑ ደግሞ አንዳንድ ሶፍትዌር ጭራሽ አይከፍታቸውም፤ ወይም ድምፁን ብቻ ያመጣል።

መድኃኒቱ እያንዳንዱ ፍሬም ሙሉ ወደሆነበት ዓይነት መቀየር ነው፤ ፕሮሬስ ወይም ዲኤንኤክስኤችአር። ሹተር ኢንኮደር ወይም ኤፍኤፍኤምፔግ የተባሉት የፋይል መቀየሪያዎች በነፃ ይሠሩታል። ግን ሁሉንም 12 ክፍል አትቀይር። ፕሮሬስ 422 በ1080 ጥራት በሰዓት 53 ጂቢ ያህል ይወስዳል፤ 4 ሰዓት ከ12 ደቂቃው 220 ጂቢ ያልፋል፤ የላፕቶፕህ ዲስክ ይሞላል። መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ የመረጥከውን ብቻ ቀይር። 400 ሾት በአማካይ አራት አራት ሰከንድ ቢሆን 27 ደቂቃ ነው፤ እሱ 24 ጂቢ አይሞላም። ስትቆርጥ ከፊትም ከኋላም ግማሽ ግማሽ ሰከንድ ትርፍ ተውለት፤ በኋላ ጫፉን ለማስረዘም ስትፈልግ ወደ ዋናው ፋይል ከመመለስ ያድንሃል። ይህን ስታደርግ 8 ጂቢ ራም ያለው ላፕቶፕ በቀጥታ ተቆርጦ ለሚቀጠል ቅንብር ይበቃል። ለከባድ ኢፌክት ግን አይበቃም፤ የኢፌክት ሶፍትዌሩ አፍተር ኢፌክትስ ራሱ ዝቅተኛ ብሎ የሚያስቀምጠው 16 ጂቢ ነው። ይህን ወሰን ተቀብለህ ሥራውን በዚያ ልክ አቅድ።

የ30 ፍሬሙ ፕሮጀክት መስተካከል አለበት፤ ዛሬውኑ። አኒሜ የሚወጣው በሰከንድ 23.976 ፍሬም ነው። በ30 ታይምላይን ላይ ስታስቀምጠው ሶፍትዌሩ ለመሙላት ከየአራቱ ፍሬም አንዱን ይደግማል። ሰው ቆሞ በሚያወራበት ሾት አይታይም፤ ካሜራው ቀስ እያለ በመልክዓ ምድር ላይ ሲያልፍ ግን ምስሉ እየተደናቀፈ የሚሄድ ይመስላል። ማስክ ስትሠራ ደግሞ የተደገሙትንም ፍሬሞች እንደ አዲስ ትሠራቸዋለህ። ዳቪንቺ ሪዞልቭ በተባለው የኤዲቲንግ ሶፍትዌር ላይ ቪዲዮ ካስገባህ በኋላ የፕሮጀክቱን የፍሬም ቁጥር መቀየር አይቻልም፤ ፕሪሚየር ላይ ቢቻልም የቆረጥክባቸው ቦታዎች ይንሸራተታሉ። አዲስ ፕሮጀክት በ23.976 ከፍተህ የሠራኸውን ገልብጥና እያንዳንዱን ቁርጥ አንድ በአንድ እየው። 25 ያህል ሾት ነውና ሁለት ሦስት ሰዓት ይበቃል። በ110 ሾት ላይ ቢሆን ኖሮ አንድ ሳምንት ይሄድብህ ነበር።

ሦስተኛው ስህተት ማዳመጫው ነው። ብሉቱዝ ድምፁን ከ0.1 እስከ 0.3 ሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። የፊልም ማጫወቻዎች ይህን ያካክሱታል፤ የኤዲቲንግ ሶፍትዌሮች ግን ብዙዎቹ አያካክሱም። 0.2 ሰከንድ አምስት ፍሬም ያህል ነው። በጆሮህ እየሰማህ «ልክ ምቱ ላይ» የቆረጥከው ሁሉ በሌላ ሰው ስፒከር ላይ ዘግይቶ ይመጣል። «ትናንት ልክ ነበር፣ ዛሬ ስልክ ላይ ሳየው ተዛነፈ» ብለህ ቁርጦቹን ደጋግመህ አንቀሳቅሰህ ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው። የሽቦ ማዳመጫ ግዛ፤ ርካሹም ይበቃል።

ምትን በተመለከተ ሌላ ወጥመድ አለ። በደቂቃ 120 ምት ያለው ዘፈን ለአንድ ምት 12 ፍሬም ያህል ስለሚወስድ ፍሬም ቆጥሮ መቁረጥ የሚሠራ ይመስላል። 140 ምት ሲሆን ግን አንዱ ምት 10.28 ፍሬም ነው። አሥር አሥር እየቆጠርክ ከቆረጥክ 16ኛው ምት ላይ ስትደርስ ከአራት ፍሬም በላይ ቀድመሃል፤ ዓይን ይህን ይይዛል። ስለዚህ አትቁጠር። የዘፈኑን የድምፅ ሞገድ አስፍተህ የከበሮው ጫፍ የሚነሳበት ላይ ማርከር (የቦታ ምልክት) ጣል፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ ምንም ምስል ሳታስገባ። ለዋናው ምት አንድ ቀለም፣ ለግጥሙ መስመር መነሻ ሌላ ቀለም፣ ዘፈኑ ለሚለወጥበት ቦታ ሦስተኛ ቀለም። ሁለት ሰዓት ይፈጃል። ምትን በራሳቸው የሚያገኙ መሣሪያዎች ለክለብ ሙዚቃ ጥሩ ናቸው፤ የኛን ዘፈን ለሚጠቀም ግን ይጠንቀቅ። ቺክቺካ ስድስት ስምንተኛ ነው፤ ትናንሾቹ ምቶች በሦስት በሦስት ይቧደናሉ፤ በሁለትና በአራት መቁጠር የለመደው መሣሪያ ብዙ ጊዜ መካከል ላይ ያስቆርጥሃል። በቀጥታ ተመትተው የተቀረጹ የቆዩ ዘፈኖች ደግሞ ፍጥነታቸው ከፍ ዝቅ ስለሚል በእጅ ማርከር ከመጣል ሌላ መንገድ የላቸውም። ማርከር አለ ማለትም ሁሉም ላይ ትቆርጣለህ ማለት አይደለም። እያንዳንዱ ምት ላይ የሚቆረጥ ቪዲዮ ከ30 ሰከንድ በኋላ ያደክማል፤ አንዳንዱን ምት ቁርጥ ሳይሆን ሾቱ ውስጥ ያለ እንቅስቃሴ ይምታው፦ የሚዘጋ በር፣ መሬት የሚረግጥ እግር፣ የሚገለጥ ዓይን። እንዲህ ያሉትን ስትለቅም ስማቸው ላይ ምልክት አድርግባቸው።

አፍ ማገጣጠሙ ለምን ሰዓት እንደሚበላ በ12 ሰከንዱ ላይ እንየው። በጃፓን የቴሌቪዥን አኒሜ አፍ አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ሥዕል ብቻ ይሠራል፦ የተዘጋ፣ ግማሽ የተከፈተ፣ ሙሉ የተከፈተ። አንድ ዘፋኝ በሰከንድ ሦስት ክፍለ ቃል ቢያወጣ በ12 ሰከንድ 36 ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ መክፈትና መዝጋት ስትል ወደ 72 የአፍ ለውጥ ታስቀምጣለህ። ለአንዱ ሁለት ደቂቃ ተኩል ብንል ሦስት ሰዓት ነው። ፊቱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ ማስኩም አብሮት መንቀሳቀስ አለበት። 12 ሰከንድ 288 ፍሬም ቢሆንም አኒሜ አንዱን ሥዕል ለሁለት ወይም ለሦስት ፍሬም ስለሚያቆይ፣ በሁለት ሲሠራ የተለያየው ሥዕል 144 ነው። ለአንዱ ሦስት ደቂቃ ስንሰጠው ከ7 ሰዓት ያልፋል። ማረሚያው ሲጨመር ከ10 እስከ 15 ሰዓት፤ ለጀማሪ 20 ቢሆንም ጤናማ ነው። የአንተ 12 ሰከንድ የባከነ አይደለም ያልኩት ለዚህ ነው። ወደፊት ግን ሁሉንም ክፍለ ቃል ለመግጠም አትድከም። ዓይን የሚይዘው ከንፈር የሚገጠምባቸውን ድምፆች፣ ም፣ ብ እና ፕን፣ እንዲሁም ሰፊውን «አ»ን ነው። እነዚህ ላይ አፉን በትክክል ዝጋና ክፈት፤ መካከሉን ግማሽ በተከፈተው ሥዕል እለፈው። ሥራው በግማሽ ይቀንሳል፤ ተመልካቹ ግን ልዩነቱን አያይም። ማስክ ከመጀመርህ በፊት ደግሞ የሚደጋገሙትን ፍሬሞች አስወግድና በተለያዩት ሥዕሎች ላይ ብቻ ሥራ፤ ስትጨርስ ፍጥነቱን ወደ ቦታው ትመልሰዋለህ። ካሜራው የሚንቀሳቀስበት ሾት ከሆነ ግን ይህ ዘዴ አይሠራም፤ ገጸ ባሕርይው በሁለት በሁለት ቢሣልም ከኋላ ያለው ሥዕል በየፍሬሙ ይንቀሳቀሳልና ተደጋጋሚ የሚባል ፍሬም የለም።

ስንት ሰዓት ይፈጃል ለሚለው እንግዲህ፣ ያለ ኢፌክት በቀጥታ ተቆርጦ የሚቀጠል የ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቪዲዮ፣ ማርከር መጣሉ 2፣ ማየትና መልቀሙ 9፣ መቁረጥና መደርደሩ 9፣ የማያስኬዱትን ሾቶች መተካቱ 5፣ ማጠናቀቁና መፈተሹ 3 ሰዓት፤ በድምሩ 28 ሰዓት ገደማ። ላለቀ አንድ ደቂቃ ሰባት ስምንት ሰዓት ማለት ነው። ተከታታዩን በቃሉ የሚያውቅ ሰው ከዚህ ይቀንሳል። አምስት ስድስት የተለያዩ ተከታታዮችን የሚያቀላቅል ግን የማየቱ ሰዓት ብቻ በእጥፍ በእጥፍ ይጨምርበታል። ማስክና አፍ ማገጣጠም ሲበዛ ስሌቱ በደቂቃ ሳይሆን በሰከንድ ይሆናል፤ ለእንዲህ ያለ ሙሉ ዘፈን 100 እና 200 ሰዓት የተለመደ ነው። ሾት የሚለዩ አውቶማቲክ መሣሪያዎች አንድን ክፍል በደቂቃዎች ውስጥ በየሾቱ ይከፋፍሉልሃል፤ ተጠቀምባቸው። ውጊያ ላይ ያለውን የብርሃን ብልጭታ ግን እንደ አዲስ ሾት ስለሚቆጥሩት እነዚያን ቦታዎች በእጅ ማረም አለብህ። የትኛው ሾት ለየትኛው ስንኝ እንደሚሆን የሚወስኑ ግን አይደሉም፤ ሰዓቱ ያለው ደግሞ እዚያ ነው።

ከመቀጠልህ በፊት ሦስት ማሳሰቢያ። ዘፈኑን ከአንድ ቆሞ ከሚታይ ምስል ጋር አድርገህ ዩቲዩብ ላይ በግል አስገባውና የባለመብት ፍተሻው ምን እንደሚል እይ። አንዳንዱ ዘፈን ገቢው ለባለመብቱ ይሄዳል እንጂ ቪዲዮው ይታያል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይታገዳል። ይህን ከ50 ሰዓት በኋላ ማወቅ ልብ ይሰብራል። ዘፈኑ ማለፉ ግን ለምስሉም ዋስትና አይሆንም፤ የአኒሜው ባለመብት በማንኛውም ጊዜ ሊያስነሳው ይችላል። ሁለተኛ፣ የግርጌ ጽሑፍ ወይም የጣቢያ ምልክት የታተመበት ቅጂ አትጠቀም። የአኒሜ አድናቂዎች ጉባኤዎች የኤኤምቪ ውድድር ደንቦች ብዙውን ጊዜ አይቀበሉትም፤ በማጉላት ቆርጠህ ለማውጣት ስትሞክር ደግሞ የፊቱ ግማሽ አብሮ ይሄዳል። ሦስተኛ፣ መብራት በሚቆራረጥበት ሰፈር የምትሠራ ከሆነ ራስ-ሰር ማስቀመጫውን አምስት ደቂቃ ላይ አድርገው። ከባድ ሬንደርም (ያለቀውን ሥራ ወደ ቪዲዮ መቀየር) በአንድ የኤምፒ4 ፋይል አታውጣ፤ በኤምፒ4 ፋይል ውስጥ ምስሎቹ የት እንዳሉ የሚያመለክተው ማውጫ ብዙ ጊዜ የሚጻፈው መጨረሻ ላይ ስለሆነ 90 ከመቶ ላይ መብራት ቢጠፋ ፋይሉ አይከፈትም። በፒኤንጂ ምስል ተከታታይ ካወጣኸው ከቆመበት ፍሬም ትቀጥላለህ።

ምክሬ አንድ ነው፦ ዘፈኑን ወደ 90 ሰከንድ አሳጥረህ ይህን ቪዲዮ ጨርሰው። አንድ ስንኝና አንድ አዝማች ያዝ፤ ድምፁን የሙዚቃው ሐረግ በሚያልቅበት ምት ላይ ቁረጥና ሁለቱን ጫፎች ከ10 እስከ 20 ሚሊሰከንድ አደራርበህ አለሳልሳቸው፤ ከምስሉ በፊት ይህ ይለቅ። ከዚያ የሠራኸውን 50 ሰከንድ ወደ 23.976 ፕሮጀክት አዛውር። 12ቱንም ክፍሎች እንደገና አይተህ ልቀም፤ እዚህ ላይ አትሰስት። የሚቀርህ 40 ሰከንድ 20 ሾት ያህል ነው፤ ከተለቀመ ስብስብ ላይ በሁለት ሰዓት ይደረደራል። ሌላ አፍ ማገጣጠም አትጨምር፤ ያለህ 12 ሰከንድ ለ90 ሰከንድ ከበቂ በላይ ነው። ለድምፅ ቆረጣው 1፣ ለማዛወሩ 3፣ ለማየቱ 9፣ ለመደርደሩ 2፣ ለመተካትና ለማጠናቀቅ 4፤ 19 ሰዓት ይሆናል። በአንተ አካሄድ ሁለት ሳምንት ማለት ነው። ሰዓቱን በወረቀት ላይ በየሥራው ለይተህ ጻፍ። አንድ ሾት 15 ደቂቃ ካለፈበት የሚሆነውን ሁለተኛ ምርጫ አስቀምጠህ እለፍ፤ ዘፈኑ ሲሞላ ተመልሰህ ስታየው አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ምርጫ ይበቃል።

ሲያልቅ አንድ ሙሉ ቀን ሳታየው አሳድረው፤ ከዚያ በስልክም በቴሌቪዥንም እየው፤ ጥቁሩ ግራጫ ሆኖ ከታየ የቀለም ክልሉ (ከጥቁር እስከ ነጭ ያለው የቁጥር ስፋት) ሙሉና ውስን ተደበላልቆበታልና የመውጫውን ምርጫ አስተካክል። ለዩቲዩብ በኤች.264፣ በ1080፣ በ23.976፣ በሰከንድ ከ15 እስከ 20 ሜጋቢት አውጣ፤ ዩቲዩብ ለዚህ ጥራት የሚመክረው 8 ቢሆንም እሱ ራሱ እንደገና ስለሚጨምቀው ከፍ ያለውን ስጠው። ለራስህ ደግሞ አንድ የፕሮሬስ 422 ቅጂ አስቀር፤ 90 ሰከንዱ 1.3 ጂቢ ያህል ነው። የለቀምካቸውን 400 ሾቶችም አትደምስስ። ሙሉውን የ3 ደቂቃ ከ40 ሰከንድ ቪዲዮ መሥራት የምትፈልግ ከሆነ የምትነሳው ከእነሱ ነው፤ ያኔ ዘጠኙ ሰዓት አስቀድሞ ተከፍሏል።